ከሰኔ ሚካኤል በፊት ጣሪያችሁን እሰሩ

ሰሞኑን አብዛኞቻችሁ የምትጠይቁኝ ስለ ማዳበሪያና ስለ ምርጥ ዘር ነው። እሱን በሚቀጥለው እናነሳዋለን። ዛሬ ግን ወደ ማሳ ከመውረዳችን በፊት ቀና ብለን ጣሪያችንን እንይ።

"የግብርና ባለሙያ ጣሪያ ላይ ምን ሰቀለው?" የምትሉ አትጠፉም። ልክ ናችሁ፣ አናጺ አይደለሁም። ግን እስቲ አስቡት። በግንቦት መጨረሻ አንድ ገበሬ ያለው ነገር ሁሉ የት ነው? ማሳው ላይ ገና ምንም የለም፤ የታረሰ አፈር ብቻ ነው። ዘሩ ቤት ውስጥ ነው። ዩሪያውና ኤንፒኤሱ ቤት ውስጥ ነው። እስከ አዲሱ እህል የሚያደርሰው ቀለብ ቤት ውስጥ ነው። ለላሞቹ የተቀመጠው ድርቆሽም ከዚያው አጠገብ ነው። የዓመቱ ልፋትና የመጪው ዓመት ተስፋ በአንድ ጣሪያ ስር ተሰብስቦ ሰኔን ይጠብቃል። ያ ጣሪያ ከሄደ ምን ቀረ? ለእኔ ጣሪያ እንደ ሞፈርና እንደ ማረሻ የእርሻ ዕቃ ነው። ማረሻ ሳይሳል ወደ እርሻ የሚወጣ የለም፤ ጣሪያስ ሳይታይ ለምን ወደ ክረምት ይገባል?

በመናገሻ ዙሪያ፣ ከሱሉልታ ሜዳ ጀምሮ በቡራዩ አድርጎ እስከ ሰበታና እስከ ወጨጫ ግርጌ ድረስ ስዞር ብዙ የተገነጠለ ጣሪያ አይቻለሁ። ከሁሉ የማይረሳኝ ግን ከወጨጫ በታች ያለ የአንድ ቤተሰብ ቤት ነው። የግንቦት ከሰዓት ነበር። ሰማዩ ጠቆረ፣ አቧራው ተነሳ፣ ነፋሱ መጣ፣ ከዚያ በረዶው። ሁሉም ነገር ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። በማግስቱ ስደርስ የቤቱ ጣሪያ ከጎረቤት ማሳ ላይ ተገልብጦ ተኝቷል። ጠጋ ብዬ ሳየው የገረመኝ ነገር ምን መሰላችሁ? ቆርቆሮው ከማገሩ አልተላቀቀም። ሚስማሮቹ እንደተመቱ ናቸው። የሄደው ቆርቆሮው ከነማገሩ ነው። ማገሩን ከወራጁ ጋር የያዘው ግን በየመገናኛው አንድ አንድ ለስላሳ ሚስማር ብቻ ነበር።

ቤተሰቡ ጎበዝ ገበሬ ነው። ማዳበሪያውን በጊዜ ገዝቷል፣ የስንዴ ዘሩን አዘጋጅቷል፣ ማሳውን ሦስት ጊዜ አርሷል። ያ ሁሉ በአንድ ከሰዓት ረጠበ። ዩሪያው ግማሹ ቀልጦ ግማሹ ድንጋይ ሆነ። ዘሩን ፀሐይ ላይ ቢያሰጡትም ገሚሱ በከረጢቱ ውስጥ ማጎንቆል ጀምሮ ነበር። የቤቱ እመቤት "ለቆርቆሮው አላዝንም፣ ቆርቆሮ ይገዛል፤ የዘር ቀን ግን አይገዛም" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በአራጣ ተበድረው፣ ዘር ከሰው ለምነው፣ ዘግይተው ዘሩ። ዘግይቶ የተዘራ ስንዴ ደግሞ ፍሬ ሳይሞላ ዝናቡ ሊያልቅበት እንደሚችል እናንተም ታውቁታላችሁ።

ከዚያ ወዲህ ወደ አንድ ግቢ ስገባ ከማሳው በፊት ጣሪያውን ማየት ልማዴ ሆኗል።

ነፋስ ጣሪያን አይጫንም፣ ያነሳል

ብዙዎቻችን ጣሪያን የምንፈራው ወደ ታች እንዳይወድቅብን ነው። ስለዚህ ከስር በምሰሶና በቋሚ እንደግፈዋለን። ነፋስ ግን የሚሠራው በተቃራኒው ነው። በነፋስ ጊዜ ጃንጥላ ሲገለበጥ አይታችሁ የለ? ልክ እንደዚያ ነው። ነፋሱ በጣሪያው ላይ ፈጥኖ ሲያልፍ ከላይ ያለው የአየር ግፊት ይቀንሳል፤ ጣሪያው ወደ ላይ ይሳባል። በር ወይም መስኮት ክፍት ከሆነ ደግሞ የገባው ነፋስ ከውስጥ ሆኖ ወደ ላይ ይገፋል። ከላይ ሳቢ፣ ከስር ገፊ።

በቁጥር ላሳያችሁ። በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ 90 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 2 ሜትር ርዝመት ያለውን አንድ ቆርቆሮ ወደ 40 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ወደ ላይ ሊስበው ይችላል። ስስ ቆርቆሮ ራሱ አምስት ኪሎ እንኳ አይሞላም። ከፈፉን ጨምሮ 50 ካሬ ሜትር የሆነ ጣሪያ ከሆነ አጠቃላይ ኃይሉ ከአስር ኩንታል ያልፋል። አስር ኩንታል ስንዴ ወደ ላይ ሲጎትት አስቡት! ሌላም አለ፤ የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ኃይሉ እጥፍ አይሆንም፣ አራት እጥፍ ነው የሚሆነው። "አምና ችሎታል፣ ዘንድሮም ይችለዋል" ማለት የማያዋጣው ለዚህ ነው።

በባሕር ዳርቻ ያሉ አገሮችን የሚመታው ትልቁ አውሎ ነፋስ እኛ ጋ አይደርስም። እሱ ኃይሉን የሚያገኘው ከሞቃት ባሕር ነው፤ ወደ የብስ ሲገባ ይደክማል። በግንቦት 2010 ዓ.ም. ሳጋር የተባለው አውሎ ነፋስ በኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል መጥቶ ሶማሌላንድን ሲመታ ለእኛ አገር ምሥራቅ የደረሰው በዋናነት ዝናቡና ጎርፉ ነበር። የእኛ ጣሪያ ጠላት ሌላ ነው፤ ከነጎድጓድ ደመና ስር ድንገት ወደ መሬት የሚወርደው ቀዝቃዛ ነፋስ ነው። ዝናቡ ከመጣሉ ጥቂት ደቂቃ ቀደም ብሎ ብርድ ብርድ የሚል ነፋስ አቧራ አስነስቶ ሲመጣ ታውቁታላችሁ አይደል? እሱ ነው። ቶሎ ያልፋል፣ ግን ለጣሪያ ጥቂት ደቂቃ በቂ ነው። በበልጉ ማብቂያ፣ ክረምቱ ሲገባና በመስከረም ሲወጣ ይበረታል።

ያም ሆኖ ከአውሎ ነፋስ አገሮች የምንማረው አንድ ነገር አለ። በካሪቢያን ደሴቶች ያሉ ሰዎች በየዓመቱ ወቅቱ ሳይደርስ ጣሪያቸውን ይፈትሻሉ። ወራጁን ከግድግዳው ጋር በብረት ማሰሪያ ያስሩታል፤ ሚስማር ብቻውን አያምኑም። ይህ ለእኛም አዲስ ጥበብ አይደለም። የድሮ ጎጆ በልጥና በጠፍር ከአናት እስከ ግድግዳ የተሳሰረ ነበር። ጣሪያውም ክብና ሹል ስለሆነ ነፋሱ ተንሸራቶ ያልፈዋል። ቆርቆሮና ሚስማር ሲመጣ ቤት መሥራቱ ፈጠነልን፤ ማሰሩን ግን እዚያው ጎጆው ላይ ትተነው መጣን።

ስለዚህ ዛሬ የምላችሁ ነገር አንድ ነው፦ ጣሪያ ይታሰራል። ከቆርቆሮው እስከ መሬቱ አራት ቋጠሮ አለ። ከአራቱ አንዱ ከላላ ሦስቱ መጥበቃቸው አይጠቅምም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ? የጣሪያም ነገር እንደዚሁ ነው።

አንደኛው ቋጠሮ፦ ቆርቆሮውና ማገሩ

መሰላል አቁማችሁ እያንዳንዱን ሚስማር እዩ። ቆቡ ከቆርቆሮው ላይ ከፍ ካለ፣ ዙሪያው ከዛገ ወይም በእጅ ሲነካ ከተንቀሳቀሰ አይያዝም። መልሶ መምታት ብቻውን አይበቃም፤ ቀዳዳው ሰፍቷልና። ነቅላችሁ ከአጠገቡ ጤነኛ ቦታ ላይ አዲስ ምቱ፤ አሮጌውን ቀዳዳ በሬንጅ ድፈኑት።

ሚስማሩ እግሩ የተጠማዘዘውና ባለ ሰፊ ቆቡ የቆርቆሮ ሚስማር ይሁን። ለስላሳው ሚስማር በነፋስ እየተነቀነቀ ይወጣል። የሚመታው በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ነው። በጎድጓዳው ላይ ከተመታ ውሃው የሚወርደው በዚያው ስለሆነ ያፈሳል። ከቆቡ ስር ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ክብ ብታደርጉ ውሃም አያስገባ፣ ቆርቆሮውንም አይቀድ። በከፈፉ፣ በጣሪያው አናትና በጎንና ጎኑ ጠርዝ ላይ አንድ ጉብታ እየዘለላችሁ ምቱ፤ መሃል ላይ ሁለት እየዘለላችሁ ይበቃል። ነፋስ መገንጠል የሚጀምረው ከጠርዝ ነውና እዚያ ላይ አትሰስቱ።

ማገራችሁ ቀጭን ባህር ዛፍ ከሆነ ሚስማሩ በስሩ ወጥቶ እንዲታይ ረዘም ያለ ተጠቀሙ፤ ከዚያ ጫፉን በመዶሻ እጠፉት። የታጠፈ ሚስማር በቀላሉ አይነቀልም። እርጥብ ባህር ዛፍ ላይ የተመታ ሚስማር ደግሞ እንጨቱ ሲደርቅ ስለሚላላ፣ አምና አዲስ ቤት የሠራችሁ ሰዎች ዘንድሮ ማየት የግድ ነው።

ቆርቆሮ የምትገዙ ካላችሁ ጌጅ የሚባለውን ቁጥር ጠይቁ። ቁጥሩ ሲያንስ ቆርቆሮው ይወፍራል፦ 28 ከ32 ይወፍራል፣ 35 ደግሞ ከሁሉም የሳሳ ነው። ስሱ ርካሽ ነው፣ ግን ነፋሱ ሲጎትተው የሚስማሩ ቆብ ቀዶት ያልፋል። ስስ የገዛ ሰው ማገሩን ያቀራርብ፤ በሁለት ማገር መካከል ከ80 ሳንቲ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል።

ሁለተኛው ቋጠሮ፦ ማገሩና ወራጁ

ያ የወጨጫው ቤት የተሸነፈው እዚህ ላይ ነው። ከስር ሲታይ ጠንካራ ይመስላል፤ ጣሪያው ግን በአንድ አንድ ሚስማር ነው የተንጠለጠለው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ሽቦ። ዚንክ የተቀባ፣ 3 ሚሊ ሜትር ያህል የሚወፍር ሽቦ ቁረጡ። ማገሩንና ወራጁን በመስቀለኛ ሁለት ጊዜ ጠምጥሙና በፒንሳ አጥብቃችሁ አዙሩ። ቀጭኑ ጥቁር ሽቦም ከምንም ይሻላል፤ ግን ቶሎ ስለሚዝግ ደርባችሁ አስሩት፣ በየዓመቱም እዩት።

ሽቦው ስንት ቦታ ይሁን? አቅም ካለ በሁሉም መገናኛ። አቅም ከሌለ በከፈፉ፣ በአናቱና በአራቱ ማዕዘን ጀምሩ። ይህ ቆርቆሮ ሳይነሳ ከቤት ውስጥ ሆኖ የሚሠራ ሥራ ነው፤ አንድ ሰውና አንድ ልጅ በሁለት ቀን ይጨርሱታል።

ሦስተኛው ቋጠሮ፦ ወራጁና ግድግዳው

ወራጁ ከግድግዳው አናት ላይ በተጋደመው እንጨት ላይ ያርፋል። "ማረፍ" ነው ችግሩ፤ ያረፈ ነገር ይነሳል። ሽቦውን በወራጁ ላይ አዙራችሁ፣ ከተጋደመው እንጨት ስር አሳልፋችሁ፣ ቋሚው ላይ አውርዳችሁ እሰሩ። ቋሚው ላይ ሚስማር መትታችሁ ሽቦውን ብታጠልፉበት አይንሸራተትም። ሽቦ ከሌለ ከላሜራ ወይም ከወፍራም ቆርቆሮ ቁራጭ ሁለት ጣት የሚሰፋ ማሰሪያ ቆርጣችሁ በሁለቱም በኩል ሦስት ሦስት ሚስማር ምቱበት።

ጭቃው የተመረገ ከሆነ ትንሽ ፍቃችሁ ሽቦውን አሳልፉና መልሳችሁ ምረጉት። "ግድግዳዬ ይበላሻል" ብላችሁ አትተዉት፤ ምርጊት የአንድ ቀን ሥራ ነው።

አራተኛው ቋጠሮ፦ ቋሚውና መሬቱ

ባህር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ገብቶ ለሸዋ ሰው ማገዶም ቤትም ሆኗል። ቶሎ ያድጋል፣ ቀጥ ይላል፣ ግን መሬት ውስጥ ሲገባ ቶሎ ይበሰብሳል። የመናገሻን ተራራ ያለበሰው ጽድ ከእሱ ይልቅ መበስበስንም ምስጥንም ይቋቋማል፤ የጥንት ቤተ ክርስቲያኖች ምሰሶ ጽድ የሆነው ለዚህ ነው። ዛሬ ግን ጽድ ልንጠብቀው የሚገባ ዛፍ ነው። እኛ ያለን ባህር ዛፍ ነውና እሱን እንጠብቅ።

ቋሚ ከሁሉ በፊት የሚበሰብሰው አፈሩና አየሩ በሚገናኙበት ቦታ ነው። ቢላዋ ይዛችሁ በዚያ ቦታ ላይ ውጉት። ቢላዋው እንደ ቅቤ ከገባ ቋሚው አልቋል፤ ከላይ ጤነኛ መምሰሉ አያታላችሁ። መንቀል ካልቻላችሁ አጠገቡ ሌላ ጤነኛ ቋሚ ትከሉና ሁለቱን በሦስት ቦታ በሽቦ አስሯቸው። አዲሱ ቋሚ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ይቀበር። ከመቀበሩ በፊት የሚቀበረውን ክፍል በእሳት ለብለብ አድርጉትና የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀቡት፤ ዘይቱ ግን ከጉድጓድ ውሃና ከከብት መጠጫ ይራቅ። ከግርጌው ላይ አጭር እንጨት በመስቀለኛ ብትመቱበት ወደ ላይ ሲጎተት አፈሩ ይይዘዋል። ከዚያ ድንጋይ እየጨመራችሁ ጠቅጥቁ።

በሱሉልታ ሜዳና በሰበታ በታች መረሬ መሬት ላይ ያላችሁ ደግሞ ልብ በሉ። ጥቁር አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፤ ቋሚውን በየዓመቱ ያወዛውዘዋል። እናንተ ጠለቅ አድርጋችሁ ትከሉ፤ በበጋ የተፈጠረውንም ስንጥቅ ከዝናቡ በፊት በጠጠርና በአፈር ሙሉ።

ድንጋዩን ከጣሪያ አውርዱ

ብዙ ቤት ላይ ድንጋይ፣ አሮጌ ጎማና የአሸዋ ከረጢት ተጭኖ አያለሁ። ሐሳቡ ይገባኛል፤ ግን ሒሳቡ አይሠራም። አስር ኩንታል ለሚጎትት ነፋስ አስር ድንጋይ ምን ያደርጋል? ጣሪያው ሲነሳ ያ ድንጋይ የሚወድቀው በሰው ላይ ነው። እስከዚያም ቆርቆሮውን ይፍቀዋል፣ ከስሩ እርጥበት ይዞ ያዝገዋል። ለድንጋይ የደከማችሁትን ድካም ለሽቦ አድርጉት።

ከፈፍም መጠን አለው። የጭቃ ግድግዳን ከዝናብ ለማዳን ከፈፍ ያስፈልጋል፤ ከ50 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ካለ ይበቃል። ከዚያ ሲረዝም ለነፋሱ እጀታ ይሆንለታል። ሰፊ በረንዳ የምትፈልጉ የበረንዳውን ጣሪያ ከዋናው ለይታችሁ፣ ዝቅ አድርጋችሁ ሥሩ። ነፋስ በረንዳውን ቢወስደው ቤቱን ይዞት አይሄድም።

ስለ ውሃውም እናውራ

ጣሪያው ከታሰረ በኋላ ማፍሰሱ ይታያል። በጠራ ቀን ከቤት ገብታችሁ በሩን ዝጉና ወደ ላይ እዩ። ብርሃን የሚገባበት ሁሉ ዝናብም ይገባበታል። ቦታውን በከሰል ምልክት አድርጉበት። ትንንሹን ቀዳዳ አጽድታችሁ ሬንጅ ቀቡት፤ ሰፋ ያለውን በቆርቆሮ ቁራጭና በሬንጅ ጣፉት። ቁራጩ ከላይ በኩል ካለው ቆርቆሮ ስር ይግባ፤ ከላዩ ከተደረበ ውሃ ይሰበስባል። በአናቱ ላይ ያለውን ኮልሞ አትርሱ፤ ብዙ ማፍሰስ የሚጀምረው ከእሱ ነው።

አሸንዳ ያላችሁ ቅጠሉን አውጡት፤ በተለይ ባህር ዛፍ አጠገብ ያላችሁ። በረዶ ሲዘንብ የተዘጋ አሸንዳ በረዶ ይሞላና ይገነጠላል፣ ወይም ውሃው ወደ ቤት ይመለሳል። አሸንዳ የሌላችሁ ደግሞ ይህን ሒሳብ ስሙ። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል አንድ ሊትር ውሃ ነው። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ በሐምሌና በነሐሴ ብቻ ብዙውን ጊዜ ከ400 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል። 40 ካሬ ሜትር ጣሪያ ካላችሁ 16,000 ሊትር ነው፤ በባለ 200 ሊትሩ በርሜል 80 በርሜል! ይህ ሁሉ ውሃ ዛሬ የሚወርደው ግድግዳችሁ ስር ነው። ከተያዘ ለከብትና ለጓሮ አትክልት ይሆናል። ካልተያዘም ቢያንስ በቤቱ ዙሪያ ቦይ ቆፍራችሁ ከቋሚው አርቁት። ተዳፋት ላይ ያላችሁ ከቤቱ በላይ በኩል ሌላ ቦይ ያስፈልጋችኋል፤ ሲቆፈር ግን የጎረቤት ግቢ ላይ እንዳይለቀቅ ተነጋገሩ።

የሣር ክዳን ያላችሁ አትናቁት፤ በደንብ የተከደነ ሣር ነፋስን ይችላል። አዲስ ለመክደን ጊዜው በጋ ነበር። አሁን የሚቻለው አናቱን ማደስ፣ የሳሳውን መጠቅጠቅ፣ ጠርዙን በልጥ ወይም በገመድ ማሰር ነው።

ከጣሪያው ስር ያለውስ?

ሁሉን አድርጋችሁም ዝናብ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ዘርና ማዳበሪያ መሬት ላይ አይቀመጥ፤ በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ አንድ ክንድ ርቆ ይሁን። ከላዩ ላስቲክ አልብሱት። ዩሪያ ከአየር እንኳ እርጥበት ይስባልና ከረጢቱ ተከፍቶ አይደር። ዘርና ማዳበሪያ ጎን ለጎን አይደራረብ። ለዘር የያዛችሁትን ሁሉ አንድ ጥግ አታድርጉት፤ ቢቻል ግማሹን በሌላ ክፍል ወይም በዘመድ ቤት አኑሩት።

እህል ከረጠበ ወዲያው ለይታችሁ አስጡት። የሻገተውን ግን ሰውም ከብትም አይብላው። "ለላሟ ምን ይሆናታል" አትበሉ፤ ሻጋታ የሚያመርተው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ከመኖው ወደ ወተቱ ያልፋል። ያን ወተት የሚጠጣው የእናንተው ልጅ ነው።

ባህር ዛፉን እዩት

ከቤት አጠገብ ያለ ባህር ዛፍ በሰላም ቀን ጥላ ነው፤ በነፋስ ቀን ግን ሌላ ነው። ያዘመመ፣ ስሩ የተገለጠ፣ የደረቀ ቅርንጫፍ ያለው ካለ አሁን ይቆረጥ። አዲስ ስትተክሉ ዛፉ ሲያድግ በሚኖረው ቁመት ልክ ከቤቱ አርቁት። የኤሌክትሪክ መስመር አጠገብ ያለውን ዛፍ ግን ራሳችሁ አትንኩት፤ ለመብራት ኃይል ሰዎች አሳውቁ።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ?

ይህን ጥያቄ አውቀዋለሁ። ግንቦት ኪስ የሚራቆትበት ወር ነው። ያለው ብር ለማዳበሪያ ነው፣ ለልጆች ነው፣ ለሠራተኛ ነው። ግን እዩት፦ አሁን የዘረዘርኩት ሥራ አዲስ ቆርቆሮ አይጠይቅም። ጥቂት ኪሎ የቆርቆሮ ሚስማር፣ አንድ ጥቅል ሽቦ፣ ትንሽ ሬንጅ ነው። ዋጋው በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ እዚህ አልጽፍም፤ ግን ከአንድ ኩንታል ማዳበሪያ ጋር አወዳድሩት። ማዳበሪያ ገዝቶ የተላላ ጣሪያ ስር ማስቀመጥ ወተት አልቦ ቀዳዳ ቅል ውስጥ እንደማድረግ ነው።

ሁለት ነገር ልምከራችሁ። እቁብ ያላችሁ የዘንድሮው ቢያልፍ እንኳ ለከርሞ የጣሪያ እቁብ ጀምሩ፤ እጣው ከጥር እስከ ሚያዝያ እንዲያልቅ። ጉልበቱን ደግሞ በደቦ አድርጉት። ለአጨዳ የምንጠራራውን ያህል ለጣሪያስ ለምን አንጠራራም? አምስት ቤት ሆናችሁ በየቀኑ አንድ ቤት ብታስሩ በአንድ ሳምንት አምስቱም ያልቃል። ባል የሞተባቸው፣ አቅመ ደካማ የሆኑ እናቶችና አባቶች ቤት ከሁሉ ይቅደም። የእነሱ ጣሪያ ሲበር የሚያርፈው እናንተው ቤት ላይ ሊሆን ይችላልና ደግነት ብቻ አይደለም።

ሥራ ስትሠሩ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ይሁን፤ ነጎድጓዱ የሚመጣው በአብዛኛው ከሰዓት ነው። እርጥብ ቆርቆሮ ላይ አትውጡ። ስትረግጡ ሚስማር የተመታበትን መስመር ርገጡ፤ ስሩ ማገር አለ። መሰላሉን አንድ ሰው ይያዝ።

ነፋሱ ከመጣ በኋላ

የኢትዮጵያ ሚቲዮሮሎጂ ኢንስቲትዩት የክረምቱን ትንበያ በዚህ ሰሞን ያወጣል፤ የየዕለቱንም በሬዲዮና በስልካችሁ ተከታተሉ። ደመናው ሲጠቁር በርና መስኮት ዝጉ፤ በተለይ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል። በግቢ ውስጥ የተዘረገፈ ቆርቆሮና ጣውላ አስገቡ። ልጆችን ከዛፍ ስር አንሱ። ቆርቆሮው መነሳት ከጀመረ ማንም ሰው ወጥቶ በእጁ ሊይዘው አይሞክር። ኃይሉን ከላይ አይታችኋል፤ አንድ ቆርቆሮ እንኳ ሰው ይዞ የሚያስቀረው አይደለም፣ ጠርዙም እንደ ማጭድ ይቆርጣል። ቤቱ ይሂድ፣ ሰው ይቅር። ነፋሱ ሲያልፍ የተበጠሰ የመብራት ሽቦ ካለ አትጠጉ።

እንግዲህ የሰኔ ሚካኤል ሰኔ 12 ነው። ከዛሬ ጀምሮ እስከዚያ ያለውን ቀን ቁጠሩት። ዛሬ ማታ ሽቦ ሳይገዛ፣ ሚስማር ሳይገዛ የሚቻል አንድ ሥራ አለ፦ ባትሪ ይዛችሁ ከስር ወደ ላይ እዩ፤ ማገሩን ከወራጁ ጋር የያዘው ምንድን ነው? ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ፤ በዚህ ገጽ ላይ አብረን እናየዋለን። የጎረቤታችሁንም አንሱ፤ ስልክ የሌላቸው ብዙ ናቸውና።

ሳይቃጠል በቅጠል ነው። መልካም ክረምት፣ መልካም የዘር ወቅት ይሁንላችሁ።